ሻሹ ሲፈታ ቁስል ስለታጣበት ራስ ምታት

ለኦዳ ጥላ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ
ሰበታ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ራስዎንስ አያምዎትም? እንዳያምዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ቢያምዎ ወደ ራስዎ ክፍል እንዳይመጡ እሰጋለሁና።

እኔ የከብት መኖ ነጋዴው የሞቱማ ባለቤት ነኝ። በታኅሣሥ ወር፣ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ በድንጋይ በተዘጋጋበት ሰሞን፣ ባለቤቴ ጭድ ሲያወርድ ድንገት ራሱን ይዞ ጮኸና አስመለሰው። እኔም ራሱን ያመመው ሰው እንደሚደረግለት በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ በባጃጅ አመጣሁላችሁ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ሻሹን ሲያዩ የዱላ ቁስል የደበቅን መስሏቸው፣ ነርሷና ጥበቃው ተጋግዘው ስለፈቱትና ፀጉሩን እየገለጡ ስለፈተሹት አመሰግናለሁ። እናቱ እንኳ እንዲህ አልዳበሰችውም።

፪. ሐኪሙ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው ትቶ፣ የት ቆሞና ከማን ጋር ሳለ እንደጀመረው ደጋግሞ ስለጠየቀው አመሰግናለሁ። በአንድ ጊዜ እንደመታው፣ እንዲህ ያለ ሕመም በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ፣ አንገቱም እንደደረቀበት እኔ ስለፈልፍ ጠበቃው ነሽ ወይ ተብያለሁ። ጋዋን ሳይለብስ አጠገቡ ቆሞ ከሐኪሙ ይልቅ በጥሞና ያዳመጠን ሰውዬ ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተነገረኝም። የነርቭ ስፔሻሊስት ይሆን?

፫. ቁስል ስለታጣ በሽታም የለም ተብሎ የማስታገሻ ክኒን ይዘን ተሸኘን። በማግስቱ የባለቤቴ ቀኝ ጎን አልታዘዝ አለው፣ አንደበቱም ተያዘ። አዲስ አበባ ያገኘናት ሐኪም ገና ከበሩ ላይ የጠየቀችኝ ሕመሙ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ የጀመረው ብላ ነው። ሲቲ ስካን አስነስታው አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን አየች። ምነው ትናንት ሐኪም ቤት በወሰድሽው ስትለኝ፣ ወስጄው ነበር ለማለት በእናንተ ፈንታ እኔ አፈርኩ።

በሁለት ቋንቋ ሲቀልድ የኖረ ሰው ዛሬ ስሜን መጥራት አቅቶት በዓይኑ ይከተለኛል። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አሯል። ከእንግዲህ ራሴን ብሎ የሚመጣውን ሰው፣ የመጣበትን ሰፈር ሳትጠይቁ በፊት ሕመሙን እመኑት።

ለጥርጣሬዎ ጥልቀት ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ለማይታመመው ራስዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

ብርሃነሽ ተክሉ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ ባለቤቴን ሊጠይቀው ፈለገ፤ ሆስፒታላችሁ በሽተኛ መከታተል ጀመረ ብዬ ደስ እያለኝ አስገባሁት። ያን ቀን የት ነበርክ አለው። ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያየው ጊዜ፣ ለመናገር ፈቃደኛ አይደለም ብሎ ጽፎ ሄደ።