ዘይት የሚበላው አየር

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት፤ ቃሉ ግን የራሴ ነው። ወንድሜ፣ መሥሪያ ቤቷ ወስዳ ሥራዋን አሳየችኝ። አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ዘይት ውስጥ እየተነከረች ስትሽከረከር፣ ውሃ ለመሆን አንድ ነገር የጎደለው አየር ይረጩባታል። «ገሚሱ ዘይቱን ነክቶ ነጥሮ ይመለሳል፤ ገሚሱ የጎደለውን ከዘይቱ ነጥቆ ውሃ ሆኖ ይወጣል» አለችኝ። የዘይት መጭመቂያችን ትዝ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ዘይቱን ክደነው፣ አየር ይበላዋል» ስልህ፣ «አየር ደግሞ ጥርስ አለው?» ትለኝ ነበር፣ አንተ ነገረኛ። አለው፤ ልጄ በመሣሪያ ትለካዋለች። እዚሁ ከእኔ ጋር ኑር እያለች ትወተውተኛለች። እኔ ግን ነጥሮ ከሚመለሰው ወገን ነኝ። ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ፤ ደጅህ ላይ ያለውን መቀመጫዬን ለማንም እንዳትሰጥ። በይ ልጄ፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ፤ እመለሳለሁ ያልኩበትን ግን እንዳታልፊው።