አልጋ ሥር ያለችው አንባቢ

ልጄ፣ የእናትሽን ነፍስ የተቀበለ አምላክ አንቺን በሰው አገር ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። የጣሪያውን ቀዳዳ አስደፍኛለሁ፤ ጉልበቴን ግን የሚደፍን አልተገኘም።

የልጅሽን ነገር ልደብቅሽ አልችልም። አስተማሪዋ «ንባቧን ካላሻሻለች ክፍል ትደግማለች» ካለችሽ ወዲህ፣ በደወልሽ ቁጥር «እስቲ አንብቢልኝ» ትያታለሽ። አሁን ስልኩ ሲጠራ አልጋ ሥር ትገባለች። ትናንት ሳናነሳልሽ የቀረነውም ለዚህ ነው።

ብለምናት አልወጣ አለች። ጸሎቴን አደረስኩና ሻይዋን፣ ማንኪያና የጨውና የስኳር ጣሳዎቹን ይዤ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እያነበብን እንድንጫወት ብዬ ስማቸውን ጽፌ ለጥፌባቸዋለሁ። የጨዉን አነሳሁና «ስ... ኳ... ር። በይ ሻይሽ ላይ ልጨምርልሽ» አልኩ።

ከአልጋው ሥር እጇ ወጥቶ ማንኪያዬን ያዘ። «ኧረ አባባ፣ ጨው ነው እኮ የሚለው!»

«ታዲያ ማንበብ ትችያለሽ አይደል እንዴ? ለእናትሽ ለምን አታነቢላትም?»

«አንተማ ትሳሳታለህ። እማዬ ግን አትሳሳትም።»

ማሞላቀቄ እያበላሻት እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ፤ እሱን ፈጣሪ ያውቃል። ብቻ ድምፅሽን እየፈራች እንድታድግብሽ አልፈልግም።

እባክሽ ልጄ፣ እሁድ ስትደውይ አንብቢ አትበያት። አንቺ አንብቢላት፤ አንዷን ቃል አበላሺና ጠብቂ። ስልኩን አልጋው ሥር አስገባላታለሁ። ዝም ካለች ሌላ ቃል አበላሺ። እስክታርምሽ የምትጠብቂበትን ትዕግሥት እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስታርምሽም አመስግኛት።

አባትሽ