ያልሰፋው ዘቢብ

ዓለም ገና፣ ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለአጵሎስ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ።

በኅዳሩ ደብዳቤህ፣ ጠፈር ስለሚለጠጥ ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣው ብርሃን በመንገዱ አብሮ ተለጥጦ ቀይ ይሆናል ብለኸኛል። ታዲያ ቤቴስ ለምን አይለጠጥም? ለራሴ ልመልስ ብዬ ሊጥ ላይ ዘቢብ በተንሁና ኩፍ ከማለቱ በፊትና በኋላ በማስመሪያ ለካሁ። ተቀራርበው የነበሩት ጥቂት፣ ሩቆቹ ብዙ ተራራቁ፤ ዘቢቡ ራሱ ግን አልሰፋም። ቤቴም እንደ ዘቢቡ ነው ማለት ነው። ጎረቤታችን ኦቦ ጉርሜሳ ቆመው ሲያዩኝ፣ «እትዬ ሰብለወርቅ፣ ይኼ ዳቦ ይበላል ወይስ ይታረማል?» ብለው አሳቁኝ። ተጋገረ፣ ተበላም፤ ያንተን ድርሻ በጨርቅ ጠቅልያለሁ።

የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀረ ተብሎ፣ በተቃውሞው ተዘግቶ የከረመው መንገዱም ገበያውም ተከፍቷል። ካንተ ጋር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የኦቦ ጉርሜሳ ልጅ፣ ተማሪው በገና ሰሞን ወደየቤቱ ተበትኗል አለችኝ። አንተ ለቤተ መጻሕፍቱ ስትል ቀርተህ ይሆናል፤ ጥናት ትወዳለህ። ስልክህ የማይነሳውም መስመሩ ይሆናል። ትምህርት ሲከፈት ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ እሷ ናት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ የላከው ኮከብ ዛሬም መኖሩ በምን ይታወቃል?

የኅዳሩን ደብዳቤህን እንደ ልማዴ በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ፤ ሰባት ስህተት አለበት። ግን አልመለስሁልህም፣ እኔው ዘንድ ይቆይ። መልሱን በሁለት መስመርም ቢሆን ጻፍልኝ። ፊደል ብትገድፍም አላርምህም።

በጤና በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አያትህ ሰብለወርቅ