የአባባ ቀበቶ

ይድረስ ለወንድሜ ለምዋዲሜ፣ ሞምባሳ፤

ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እናታችን ያረፈች ዕለት ቀጭኔ የበጠሰችው የቴሌግራም ሽቦ ተቀጥሏል። የተበጠሰው አባባ በሚጠብቀው መስመር ላይ ስለነበር፣ መርዶው የዘገየብህ በእሱ ጥፋት ይመስለዋል። እንግሊዙ አለቃ እንኳ አልወቀሰውም።

አሁን የሽቦው ምሰሶ ላይ የሚወጣው፣ እንዳይወድቅ ከምሰሶው ጋር የሚያስረውን ቀበቶ ሳይታጠቅ ነው። ባልደረባው ምዋኪዮ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ዝንጀሮ ሆንክ እንዴ?» ሲለው፣ «ከብዶኝ ነው» ብሎ ይስቃል። ሳያነሳው እንዳይወጣ ብዬ ቀበቶውን በሩ ላይ አንጠልጥዬው ነበር። ዛሬ ስነቃ አጣጥፎ ትራሴ አጠገብ አኑሮልኝ ሄዷል። ከመማሪያ ክፍላችን መስኮት ምሰሶዎቹ ይታያሉ፤ መምህሩ የሚሉትን አልሰማም።

ወንድም ዓለም፣ ለቀብሩ ባለመድረስህ እንዳልተቀየምከው ንገረው። በፖስታ ሳይሆን በቴሌግራም ይሁን። ሽቦው ደህና ነው።

ናፋቂህ ታናሽህ ምጋንጋ፣ ከቮይ