ሰርክ ስለዋጠችው ኪኒን

ለወንድሜ ለእንዳልካቸው ማረው፤ ሎጊያ።

እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? የአፋሩ ሐሩር እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም መኪና ሥር ተኝተህ ነው የምትውል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባታችን ጉልበቴን ከማለት በቀር ደኅና ናቸው። እናታችንም ደኅና ናት። ሩዙ ታጭዶ ገብቷል፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ያበላሸው የታችኛው ማሳ ብቻ ነው። ይህን የምጽፍልህ እህትህ ስለሆንሁ ነው እንጂ ብዕር ያነሣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። በስልክ የሚስትህን የሰርክን ስም ስጠራ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ ታየዋለህ።

«መድኃኒት ውጣ ልጄን የገደለች ሴት ቤቴ አትቆይ» ብለህ ለእናታችን ስትነግራት እኔም እዚያው ነበርሁ። ሰርክም ነበረች። ከሆስፒታል ገና መመለሷ ነው፤ እናታችን አጠገብ ተኝታ ድምፅህን ከስልኩ ውስጥ ሰማችው። አላለቀሰችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እናታችን ምን ብላ እንደነገረችህ አላውቅም። እኔ ያየሁትን ልንገርህ። ሰርክ የደም ግፊት እንዳለባት የታወቀ ጊዜ ወረታ ጤና ጣቢያ የወሰድኋት እኔ ነኝ። ሲስተር ብርክቲ ኪኒኑን ስትሰጣት በደንብ አስረድታታለች። «አንድ ኪኒን ይመስላል እንጂ ሁለት መድኃኒት ነው የተጣመረበት። አንደኛው የደም ሥርን ያላላል፤ ሁለተኛው ትርፍ ውኃ ያስወጣል። በየቀኑ ትወስጃለሽ። ደኅና ነኝ ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ፤ ከሌላ የግፊት መድኃኒትም ጋር ሳትጠይቂ አትደርቢ። ግን የወር አበባሽ ከቀረ ያን ዕለት ነይ፤ ለፅንስ አይሆንም፤ በሌላ እንቀይርልሻለን» አለቻት። ሰርክ ሰምታለች። በመንገድ ላይም ደግማ ነግራኛለች።

አንተ ለፋሲካ መጥተህ ከተመለስህ በኋላ የወር አበባዋ ቀረ። ጤና ጣቢያ ልሂድ ብላ እናታችንን ጠየቀቻት። እናታችን «ሆድሽ ሳይገፋ ለማንም አታውሪ፤ ሰው አፍ ይገባል። እዚያ የሚሠሩት ሁሉ የአገር ሰው ናቸው» አለቻት። ለአማት እንዴት እንቢ ይባላል? ደግሞ ኪኒኑ ሊያልቅ ነው። ክረምቱ ገብቶ ሜዳው በሙሉ ውኃ ሆኗል። እሷም ደወለችልህ። እርጉዝ መሆኗን ነገረችህ፤ ሲስተር ብርክቲ ያለቻትንም ነገረችህ። አጠገቧ ጤፍ እያበጠርሁ ነበር፤ ይህን አልነገረችኝም ብትል አልሰማህም።

አንተ ምን አልህ? «ድሮም የምትወስጂው ነው፤ ምን ይቀየራል? በጎርፍ አትንገላቺ፤ ከዚህ ገዝቼ እልክልሻለሁ» አልሃት። በጭነት መኪና ሹፌር ላክህ፤ ወረታ መገንጠያው ላይ ሄጄ የተቀበልሁልህ እኔ ነኝ። እስከ መስከረም የሚበቃ ነበር፤ ሲያልቅም ሌላ ላክህ። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሚስትህ አዝነህ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ከእጇ ስላልጠፋ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ምክንያት ጠፋ። ግፊቷን የለካላት፣ ሆዷን ያየላት ሰው ሳይኖር ወራቱ አለፉ።

ኅዳር ላይ ሩዝ እያጨድን ሳለ ማጭዷን ጥላ ተቀመጠች። «ልጁ ከትናንት ጀምሮ ዝም አለኝ» አለችኝ። በባጃጅ ወረታ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ በመሣሪያ ሲያያት ቆየና የእንሽርት ውኃው መድረቁን፣ ልጁም መሞቱን ነገረን። የምትወስደውን ኪኒን ሲያይ ቀና ብሎ «ማነው በእርግዝና ይህን የሰጠሽ?» አላት። አንተን አልጠራችም። «እኔው ነኝ» አለችው። ግፊት ብቻውንም ፅንስ ይጎዳል፤ ይህኛው መድኃኒት ግን የልጁን ኩላሊት ይይዛል፤ ውኃውም የሚደርቀው በዚህ ነው አለን። ቀድማ መጥታ ቢሆን ለእርጉዝ የሚሆን ሌላ ነበር።

ወንድ ነበር። ግንባሩ ያንተ ነው። ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አባታችን በእጃቸው ቀበሩት። አንተ ስልክ ደውለህ የተቆጣኸው በማግሥቱ ነው።

ሰርክ ከዚያ በኋላ የቀረውን ኪኒን ሽንት ቤት ጣለችው። አባቷ አቶ ዘመነ መጥተው ወደ ሐሙሲት ወሰዷት። እዚያም ሆና መድኃኒት የሚባል አላይም አለች። ግፊቷ ወጥቶ ዓይኗ ብዥ ብሎባት አንድ ጠዋት ደጃፍ ላይ ወደቀች። እግዚአብሔር አተረፋት እንጂ ሁለተኛ መቃብር ልንቆፍር ነበር። አሁን ሌላ መድኃኒት ጀምራለች። በየሳምንቱ ትለካለች። ምን ምን እንዳለበት፣ ብታረግዝ ምን እንደሚሆን ሳትጠይቅ አትቀበልም ይላሉ አባቷ። ማን ያስረግዛታል እንዳልላቸው አፌን ያዝሁ።

እናታችንን በዚህ እንድትቆጣት አልፈልግም፤ ጸጸቱ እሷንም እየበላት ነው፤ ብቻ አትናገርም። ታረቅ ብዬም አልለምንህም። የምልህ አንድ ነገር ነው። ከመጣህ ወደ እኛ ቤት አትቅደም። ሐሙሲት ወርደህ አቶ ዘመነ ፊት «መድኃኒቱን የላክሁት እኔ ነኝ» በል። ይህን ካልቻልህ እዚያው ክረም።

አባታችን ሰላም ብለውሃል። ባለቤቴ ባየህ ሰላም ብሎሃል። ልጆቼ እጅ ነሥተዋል። እናታችን ናፍቆቴን ንገሪልኝ ብላለች፤ ደብዳቤውን ግን አላነበብሁላትም። ሐሙሲትም ሄጄ ሰርክን «ለእንዳልካቸው ምን ልበልልሽ?» ብያት ነበር። «ምንም» አለችኝ። እኔም ያላለችውን ሰላምታ አልጨምርልህም።

እህትህ አምሳል ማረው
ወረታ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.