«ብሎኑ ይስበዋል» ላሉት ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ሾይሌን ባግቺ
የሁግሊ ዳርቻ ጥንታዊ መኪኖች ማረጋገጫ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ካልካታ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎም ከጥንታዊ መኪኖች ሰልፍ ቀን ወንበር፣ ጉሮሮዎም ከሰልፉ ቀን ንግግር ፈጥኖ እንዲያገግም እመኛለሁ። እኔ በማሊክ ባዛር አሮጌ የመኪና ዕቃ የምሸጥ ኒታይ ፖዳር ነኝ። የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ስለ ሞሎያ እና ባሏ ሲሞት ስለተወላት ጥቁር አምባሳደር መኪና ነው። ሴትዮዋ መኪናዋን በአበባ አስጊጣ ለሙሽሮች እያከራየች ትኖር እንደነበር፣ የኮሚቴዎ ማረጋገጫ ወረቀት የሌላት አሮጌ መኪና ደግሞ ወደ ብረት ማቅለጫ እንደምትሄድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የመኪናዋ ሞተር ከጊዜ በኋላ የተቀየረ መሆኑን አይታችሁ «ይሁን» ካላችሁ በኋላ፣ ካምቢዮው ግን መኪናዋ በተሠራችበት ዘመን የነበረው ካልሆነ ወረቀት አንሰጥም ስላላችሁ እናመሰግናለን። በዕድሜ የማይተዋወቁ ሞተርና ካምቢዮ በደብዳቤ ሊጋቡ እንደሚችሉ ከእናንተ በፊት ያሰበ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ካምቢዮው እንደ ትእዛዛችሁ ተፈልጎ በተገኘ ማግስት፣ በቪሽዋካርማ በዓል ቀን፣ በሠራተኞች ሁሉ አምላክ ቀን፣ በአካል መኪናዋ ወደምትጠገንበት ጋራዥ በመምጣትዎ ታላቅ ክብር ተሰምቶናል። በዚያ ቀን መፍቻና መለኪያ ሁሉ ታጥቦ፣ ቀይ ዱቄት ተቀብቶ በአምላኩ ምስል ፊት እንደሚያርፍ፣ የሚነካውም እንደሌለ በዚህ ከተማ ያደገ ሁሉ ያውቃል። መካኒኩ ጎራም እጁን አጣምሮ «ዳዳ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዛሬ መፍቻው የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው። ነገ ጠዋት ለክቼ እገጥመዋለሁ» አለዎት። እርስዎ ግን በማግስቱ ሰልፍ ነበረብዎ። «አምላክህ ለአንድ ካምቢዮ ብሎ አይቀየምህም፤ እምቢ ካልክ የእኔ ሹፌር መፍቻ አለው» አሉ። ወደ ሞሎያም ዞር ብለው «እህቴ፣ መኪናዋ ነገ ሰልፉ ላይ ካልታየች ወረቀቱን እርሺው» አሏት። እሷም መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ለዚህ ርኅራኄዎ ቃል የለኝም።

ሦስተኛ፦ ለሹፌርዎ መፍቻ። ሹፌርዎ ካምቢዮውን ሲያስጠጋው ከሞተሩ ጋር አልገጠመም፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። የካምቢዮው ዘንግ ለዚህ ሞተር ረዝሞ ጫፉ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር ተላትሟል ማለት ነው። ጫፉን በቶርኖ ትንሽ ማሳጠር ይበቃ ነበር፤ የበዓሉ ማግስት ሥራ። እኔም «ጌታዬ፣ በእጅ እምቢ ያለ ካምቢዮ በመፍቻ ቢያስገድዱት ቂም ይይዛል» ብዬ ነበር። እርስዎም ከት ብለው ስቀው «ነጋዴ ሲያስፈራራ ሌላ ዕቃ ሊሸጥ ነው! አጥብቅ አንተ፣ ብሎኑ ይስበዋል!» አሉ።

እውነትዎን ነው፣ ብሎኑ ሳበው። ክፍተቱ ጠፋ፣ እርስዎም አጨበጨቡ። መኪናዋም በማግስቱ ሰልፉ መሃል ደርሳ፣ ከእርስዎ ሰገነት ፊት ለፊት፣ ሆዷ ውስጥ ብረት በብረት እየተፋጨ ቆመች። የሞተሩን ዋና ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ብሮንዚና፣ የካምቢዮው ዘንግ ሲገፋው ውሎ፣ ዱቄት ሆኗል፤ ዘንጉም ሞተሩን ከውስጥ በልቶታል። ሰዎች ሊገፏት ሲሰበሰቡ ሞሎያ «ኧረ ቀስ ብላችሁ ግፏት፣ አሮጊት እኮ ናት» ትል ነበር።

አራተኛ፦ ከኮሚቴዎ ለሞሎያ ለደረሳት መልስ። «ሞተሩ ስለተበላሸ ወረቀት መስጠት አልተቻለም፤ ካምቢዮው ግን ትክክለኛ ሆኖ ስለተገኘ ኮሚቴው ደስታውን ይገልጻል» ይላል። ይህን የጻፈ እጅ አይንቀጥቀጥ።

ለአሮጌ ነገር ያለዎት ፍቅር በአሮጌ ሴቶች እንጀራ ላይ እንዲህ ታትሞ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ካለው አቧራ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ኒታይ ፖዳር

ማሳሰቢያ፦ መኪናዋን ወደ ማቅለጫው ዛሬ ጠዋት ጎትተው ወሰዷት። ደስታ የገለጻችሁበትን ካምቢዮ ግን ጎራ አስቀድሞ ፈትቶት ስለነበር፣ አጥበን፣ ቀይ ዱቄት ቀብተን በቢሮዎ ደጃፍ አስቀምጠንልዎታል። በበሩ አልገባ ካለ አይጨነቁ፤ ሹፌርዎን ይጥሩትና ብሎኑ ይስበዋል።