ድንጋዮቹ ለምን እንደቆሙ
ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን 2011፣ ደብረ ታቦር

አባቴ ከጋፋት ለገበያ መጥተው ስለነበር በከተማው አዳራሽ የተከፈተውን ኤግዚቢሽን አሳየኋቸው። በክብ የቆሙ የጥንት ድንጋዮች ፎቶ ነው፤ አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከሴኔጋል፣ አንዱ ከጃፓን። እኔ ድንጋዮቹን ሳነጻጽር እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው መሃል መሃሉን ያያሉ።

«ለምን እንዳቆሟቸው ተጽፏል?» አሉኝ።

«በእርግጠኝነት አይታወቅም ይላል።»

«እንዴት አይታወቅም? ሬሳው አገሩ ላልገባ ሰው ነዋ! የሁሉም መሃሉ ባዶ ነው።»

እህቴ ትርንጎ ቤሩት ሞታ ሬሳዋ አልመጣም። ከቤታችን በታች ያለው ሜዳ ላይ አልጋ አውጥተን፣ ቀሚሷንና ፎቶዋን አስቀምጠን፣ ዙሪያውን እየዞርን አለቀስን። ሲመሽ አልጋው ቤት ገባ፤ ሜዳው ላይ የቀረ ነገር የለም። ያን ቀን አባቴ አላለቀሱም። እስከ ዛሬ ተቀይሜያቸው ነበር።

ስሸኛቸው አስፋልቱ ዳር ቆም አሉ። «እዚያ ሜዳ ላይ ድንጋይ ባቆም ሰው ምን ይለኛል?»

«ጃጁ ይሉዎታል» አልኳቸው፤ ለማሳቅ ብዬ ነበር።

አልሳቁም። «እሱስ እውነትሽን ነው» ብለው ብቻቸውን መንገዱን ያዙ።

አብሬዎት ላቁም ማለት እንዴት አቃተኝ?